ለዚህ ሰው ለብቻው

የኮሌጅ ጓደኛዬ ባይሳ ደውሎ «ኦቦ ቶለሳ አረፈ» ሲለኝ ከአፌ የወጣው «እሱም ይሞታል እንዴ?» የሚል ነበር። ባይሳ ሳቀ። መርዶ ሊነግር ደውሎ መሳቁ አሳፈረውና ወዲያው ድምፁን ሰብሰብ አድርጎ ቀብሩ በአገሩ በሸነን እንደተፈጸመ፣ ብዙ ጊዜ ታሞ እንደተኛ፣ ቤተሰቡም ገና ድንኳኑን እንዳላነሳ ነገረኝ። «ትሄዳለህ?» አለኝ። «እንጃ» አልኩት። የኮሌጅ ዘመኔን ስለሚያውቅ አልጨቀጨቀኝም።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ኦቦ ቶለሳን አልወደውም ነበር። እሱም አይወደኝም ነበር። ይህን ደብቄ «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ» እያልኩ ብጽፍ መጀመሪያ የሚቆጣኝ እሱ ራሱ ነው። በዕድሜዬ ብዙ ሰው ጠልቶኛል። አብዛኛው ግን ከኋላዬ ነው የጠላኝ፤ ፊት ለፊቴ ሲደርስ ጥርሱን ያሳየኛል። ቶለሳ ጥርሱን አሳይቶኝ አያውቅም። ይኸው ፀጉሬ ሸብቶ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ ምግብ በሳህን ሲቀርብልኝ እስካሁን ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጥ ስለነበር ከመጀመሪያው ምሽት በቀር ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር። ለብቻዬ ስሆን ግን «እሱ» ነው የምለው። አሁንም በለመድኩት ልቀጥል።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ቅየሳ መማር የጀመርኩትም እዚያው ነበር። ከዚያ አንድ ቀን «ክፍላችሁ ተዘግቷል» ተባለና በተኑን። ጓደኞቼን አዲስ አበባ ሲመድቧቸው እኔን ብቻዬን አምቦ ጣሉኝ። ለምን እንደሆነ ያስረዳኝ የለም፤ በዚያ ዘመን «ለምን» ብሎ መጠየቅ የሚያስመሰግን ነገር አልነበረም። ኮሌጁ ከአምቦ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ዛሬ የለም፤ ግቢው የእህል መጋዘን ሆኗል ሲሉ ሰምቻለሁ።

የደረስኩት በጥር ብርድ፣ በነጠላ ጫማና በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ነው። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ወንድሜ፣ ጋቢ የለህም?» አለኝ። በዚያ ግቢ ለረጅም ጊዜ የሰማሁት የመጨረሻው ደግ ቃል ይህ ነበር። ሬጅስትራሩ ወረቀቴን አገላብጦ «አንተ የሙከራ ተማሪ ነህ» አለኝ። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ የመስክ ሥራውን ካለፍኩ እቀጥላለሁ፤ ከወደቅኩ ወይም በዲሲፕሊን ስሜ ከተነሳ እባረራለሁ። የመስክ ሥራ ደግሞ የሚሠራው በቡድን ነው፤ ቡድን የሌለው ውጤት የለውም።

በዚያ ጊዜ ከኮሌጅ መባረር ማለት ቤት መግባት ማለት አልነበረም። ቀበሌው በር ላይ ይጠብቅሃል፤ ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና፣ ከዚያ ሰሜን ግንባር። ከሰፈሬ የሄዱትን ልጆች አውቃቸዋለሁ። እናቴ ስትሸኘኝ «ተማሪ ሁነህ ቆይልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግብህም» ያለችኝ ያለ ምክንያት አልነበረም።

መኝታ ክፍሉ ስገባ አራት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ባይሳ ነው፤ ሁለቱን ዛሬ ስማቸውንም ረስቻለሁ። አራተኛው ጥግ ላይ ተቀምጦ የሣር አገዳ በጥፍሩ እየሰነጠቀ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ በቤት ውስጥም ባርኔጣውን የማያወልቅ ሰው። ኦቦ ቶለሳ የሚሉት ይህ ነው። ሸነን የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ሆኖ ኖሮ ነው ዘግይቶ ኮሌጅ የገባው። ለእኔ የተሰጠኝ አልጋ ፍራሹ መሐሉ ላይ ጎድጉዷል፤ የሆነ ሰው ለረጅም ጊዜ ተኝቶበታል።

እኛ ድሬዎች ሰው ስናገኝ እንጠይቃለን። ባቡር ላይ አጠገብህ ከተቀመጠው ሰው ጋር የልጆቹን ስም፣ የሚስቱን አገር፣ የበሽታውን ዓይነት ሳትጨርስ አትወርድም። አለመጠየቅ ኩራት ነው፤ ሰውየውን መናቅ ነው። አምቦ ደግሞ ሰላምታው ይረዝማል፤ ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ሳይቀር ይጠያየቃሉ። በዚያ ክፉ ዘመን ግን ከሰላምታ አልፎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ይህን ማን ይንገረኝ?

«ይኼ አልጋ የማን ነበር?» አልኩ፣ ሻንጣዬን እያስገባሁ።

አንዱ ልጅ ደብተሩን ከፈተ።

«ተመርቆ ነው የሄደው?»

ባይሳ ካልሲውን ማጠፍ ጀመረ። የታጠፈውን ካልሲ ፈታና እንደገና አጠፈው።

«ታሞ ነው? ነው ወይስ... ወሰዱት እንዴ? ማነው የወሰደው? ምን አድርጎ?»

ቶለሳ ባርኔጣውን አወለቀ። ሲናደድ ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን የማየት ልማድ ነበረው፤ እዚያ ውስጥ የሚናገረው ነገር የተጻፈለት ይመስል ያየዋል። አየውና መልሶ አደረገው።

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከድሬዳዋ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«በዓመቱ አጋማሽ?»

«አዎ አቦ፣ ክፍሉን ዘጉብን። አንተስ የየት አገር ሰው ነህ?»

በአባቱ ዕድሜ ላለ ሰው እንኳ «አንተ» ማለት ለለመደ የድሬ ልጅ ይህ ጨዋታ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ሁለቱ ልጆች በድንጋጤ ቀና አሉ። ቶለሳ «ጥሩ» አለ። ከዚያች «ጥሩ» በኋላ በዚያ ክፍል ውስጥ እኔ እያለሁ ወሬ የሚባል ነገር ተቋረጠ። ስገባ ይበተናሉ፤ ስወጣ ይሰበሰባሉ።

ነገሩ የገባኝ በኋላ፣ ከባይሳ አፍ በመከራ ፈልቅቄ ነው። አልጋው የለሜሳ ነበር። ለሜሳ የሸነን ልጅ ነው፤ ቶለሳ ፊደል አስቆጥሮታል፣ ኮሌጅ እንዲገባም የጎተጎተው እሱ ነው። ባሏ የሞተባት እናቱ ልጁን በእጁ አስይዛ «አደራ» ብላዋለች። እኔ ከመምጣቴ ጥቂት ቀደም ብሎ ሰዎች በላንድሮቨር መጥተው ከዚያው ክፍል ወሰዱት፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ልጁ በተወሰደበት ሰሞን፣ ማንም በማይዛወርበት ወቅት፣ አንድ የማይታወቅ ሰው ብቻውን መጥቶ በልጁ አልጋ ላይ ይተኛል፤ በመጀመሪያው ምሽት ደግሞ «ምን አድርጎ ነው የተወሰደው?» እያለ ይመረምራል። ጆሮ ጠቢ ነው ቢሉኝ ምን ይገርማል? ያኔ ግን ገረመኝ፤ አናደደኝም።

በማግስቱ መመገቢያ አዳራሽ ገባሁ። ምግብ የሚቀርበው ለየቡድኑ በአንድ ትሪ ነው። የተመደብኩት ለሜሳ በጎደለበት በቶለሳ ቡድን ስለነበር እጄን ታጥቤ ከትሪው ዳር ቀረብኩ። ቶለሳ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ዞር ብሎ፣ የአስተማሪ ድምፅ አለው፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ፣

«አዴ! ለዚህ ሰው ለብቻው!» አለ።

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። በአገራችን ለብቻው የሚቀርብለት ወይ ተላላፊ በሽታ ያለበት ነው፣ ወይ ከሰው ያልተቆጠረ። ሁሉም እንደ እናት «አዴ» የሚሏት ወጥ ቤቷ ሴትዮ አንድ ጠርዙ የተላጠ አረንጓዴ ሳህን አምጥታ ከፊቴ አስቀመጠች። ዓይኔን አላየችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሳህን የእኔ ሆነ። ሌሎቹ ከአንድ ትሪ ሲበሉ እኔ በዚያው ጠረጴዛ ጫፍ ከሳህኔ እበላለሁ። ከሁሉ የሚያበግነኝ ደግሞ በትሪው በአንድ በኩል ያለውን እንጀራ አለመንካታቸው ነው። የአንድ ሰው ድርሻ እንዳለ ወደ ወጥ ቤት ይመለሳል። ሳህኔ ላይ ያለው አያጠግበኝም፤ ያ እንጀራ ግን እያየሁት ይመለሳል። ለእኔ ከሚሰጥ ይደፋ ነው የሚሉት ብዬ አንጀቴ ይቃጠል ነበር።

መስክ ስንወጣ ደግሞ የባሰው መጣ። መሬት በሰንሰለት ሲለካ አንድ ሰው የፊቱን ጫፍ ይዞ ይቀድማል፤ ሌላው የኋላውን ጫፍ ይዞ ችካሉ ላይ ይቆማል። ቶለሳ የቡድኑ መሪ ስለሆነ የፊት ያዥ ነው። እኔን የኋላ ያዥ አደረገኝ። «ለምን?» ብለው፣

«ሰንሰለቱ የሚበቃውን ያህል እንድትርቀኝ» አለኝ። «ምላስህንም እንደ ሰንሰለቱ ጠቅልለህ ያዝ።»

ሌሎቹ ከፊት ከእሱ ጋር እየሳቁ፣ በኦሮምኛ እየዘፈኑ ይሄዳሉ። እኔ ከኋላ ብቻዬን እንደ በግ እየተጎተትኩ እከተላለሁ። ስሜን ጠርቶ አያውቅም። «የኋላው!» ነው የሚለኝ። «የኋላው፣ ወጥር!» «የኋላው፣ ሂድ!» እኔም ዝም ብዬ አልቀረሁም። ገደላገደል ላይ ሲደርስ ሰንሰለቱን ድንገት ሳብ አደርግበታለሁ፤ ይንገዳገዳል። ዞሮ አይቶኝ አያውቅም። ባርኔጣውን ያስተካክልና «ወጥር» ይላል፤ ይህ የበለጠ ያናድደኝ ነበር።

ማታ ማታ ሥራ ሲያልቅ ሌሎቻችን ዕቃ ስንሸክፍ እሱ ብቻውን ወደ ኋላ ይመለሳል። እኔ ያለፍኩበትን መስመር ከመጨረሻው ችካል እስከ መጀመሪያው እየሄደ እያንዳንዱን በእጁ ነቅነቅ አድርጎ ያየዋል።

«የኋላ ሰው ሥራ በሁለት ሰው ነው እንዴ የሚታየው?» አልኩት አንድ ቀን፣ ደም ሥሬ ተገታትሮ።

«የሌላውን ሰው አላይም። አንተን ስለማላምንህ ነው።»

«ምን አድርጌዎት ነው?»

«ገና አላደረግህም» አለኝ።

ይህን ሁሉ የምቆጥረው ክፉ ነበር ለማለት ብቻ አይደለም። ሰውየው በሥራው እንዴት እንደነበር ደብቄ ላልፍ አልችልም። በገበሬ ማሳ ውስጥ ባለቤቱን ፈልጎ ሳያናግር ችካል አይተክልም። ሌሎች ቡድኖች ቡቃያ ረግጠው ሲያልፉ እሱ ዙሪያውን ያስኬደናል፤ ፀሐይ አናታችንን እየበሳው በሆዴ እረግመዋለሁ። ሽማግሌ ካገኘ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሰላምታውን እስከ መጨረሻው ሳያደርስ አንድ እርምጃ አይራመድም። ለእኔ ብቻ ነበር ሰላምታ የሌለው።

የመንደር ምሥረታው ዘመን ነበር። ገበሬውን ከየማሳው አንስቶ በመስመር በተሠሩ ቤቶች ማስፈር ተጀመረ፤ መስመሩን የሚቀይስ ሰው ሲጠፋ ኮሌጁን ጠየቁ፤ እኛም ለመስክ ፈተናችን ከጉደር ማዶ አንድ አዲስ መንደር እንድንቀይስ ተላክን። የእኔ ዕጣ የሚወሰነው በዚያ ሥራ ነበር። ገበሬዎቹ ሲያዩን ዘወር ይላሉ፤ ውሃ ስንለምን «የለም» ይሉናል። አንድ ቀን አንድ አሮጌ ሰው ከማሳው መሐል ተነስተው ቶለሳን በኦሮምኛ አነጋገሩት። ባይሳ ወደ ኋላ መጥቶ ተረጎመልኝ። «መምህር፣ ቤቴን አዛወራችሁት፤ የአባቴን መቃብርስ በየትኛው መስመር ላይ ነው የምታደርጉት?» ነበር ያሉት። ቶለሳ ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን አየ። በዚያ ቀን ወጥር እንኳ አላለኝም።

ሥራውን ጨርሰን ተመለስን። በማግስቱ ጠዋት ችካሎቹ በሙሉ ተነቅለው ተገኙ።

ማን እንደነቀላቸው የማያውቅ አልነበረም። ገበሬዎቹ ናቸው። ግን ከመካከላችን ይህን የሚናገር ሰው የለም፤ መናገር ማለት ያንን ሽማግሌ ማስያዝ ነው። ነገሩን ሊያጣራ የመጣው ካድሬ ደግሞ ሰው ካልተሰጠው አይመለስም። ሁላችንንም አዳራሽ ሰበሰበን። የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነው ተባለ። ካድሬው ጠረጴዛውን በእርሳሱ እየደበደበ «ይህ የአብዮቱ ጠላት ሥራ ነው። ጠላት ከውስጣችን ካልወጣ ቡድኑ በሙሉ ይጠየቃል» አለ።

ዓይኖች ወደ እኔ መዞር ጀመሩ። ገበሬውም ሳይነካ፣ ቡድኑም ሳይነካ፣ ሊሰጥ የሚችል አንድ ማንም የማይፈልገው ሰው ነበረ። ከሌላ ቡድን የሆነ ልጅ ተነሳ። «የኋላ ያዡ እሱ ነበር» አለ፣ በጣቱ እያመለከተኝ። «ከእያንዳንዱ ችካል መጨረሻ ላይ የሚነሳው እሱ ነው። ሰው ፊት ፊቱን ነው የሚያየው፤ ከኋላ ምን እንደሚሠራ ማን ያየዋል?» ሌላውም ተነስቶ «ከመጣ ጀምሮ ነገረ ሥራው አላማረንም» አለ። ጭብጨባ ተሰማ። ባይሳ አንገቱን ደፋ። እኔ ተነስቼ «እኔ አይደለሁም» ስል ጭብጨባው ዋጠኝ። እናቴ «ተማሪ ሁነህ ቆይልኝ» ያለችው ብቻ በጆሮዬ ይጮኻል። አለቀልኝ፤ ነገ ቀበሌ፣ ከነገ ወዲያ መኪና ላይ ነኝ አልኩ።

ያን ጊዜ ቶለሳ ተነሳ። አሁን ጨረሰኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እኔ ይህን ሰው አልወደውም» ብሎ ጀመረ። «ከእሱ ጋር አልበላም፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አላምነውም። ስለማላምነው ማታ ማታ እየተመለስኩ ችካሎቹን አንድ በአንድ አያለሁ። ትናንትም አየኋቸው፤ በእጄ ነቀነቅኳቸው። ሁሉም ቆመው ነበር። እሱ ያን ጊዜ ዕቃ ተሸክሞ ከእነዚህ ልጆች ጋር ወርዷል። እሱ አይደለም።»

ካድሬው እርሳሱን አስቀመጠ። «እንግዲህ መጨረሻ ላይ እዚያ የነበርከው አንተ ነህ» አለው።

«እኔ ነኝ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«አንተ ካልሆንክ ማነው?»

ቶለሳ ባርኔጣውን አወለቀና ውስጡን አየ። ከዚያ መልሶ አደረገው። «እሱ አይደለም ነው ያልኩት» ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያው ከአዳራሹ ወሰዱት። በአጠገቤ ሲያልፍ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ምንም አዲስ ነገር አልነበረበትም፤ ያው የቀድሞው ጥላቻ ነው። ስለ እኔ ሲል አልተነሳም፤ ይህን በደንብ አውቄዋለሁ። ሐሰት ሲነገር መቀመጥ ስላልቻለ ነው የተነሳው። ይህ ደግሞ ከነአካቴው ሊገባኝ አልቻለም፤ ለሚወዱት ሰው መታሰር ይገባኛል፤ ለሚጠሉት ሰው?

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ለቀቁት። ከስቶ፣ አንድ ጥርሱ ወልቆ፣ በአንድ ጆሮው የማይሰማ ሆኖ ተመለሰ። ባርኔጣውን እዚያው አስቀርተውበታል። የጽሑፍ ፈተናው ስላመለጠው ዓመቱን ድገም ተባለ። እኔ አልፌያለሁ። ሳላመሰግነው መቅረት አልቻልኩም፤ ምሳ ሰዓት እጄን ታጥቤ፣ ሳህኔን ሳልጠብቅ፣ በቀጥታ ሄጄ ከትሪው አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ኦቦ ቶለሳ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩት።

አላየኝም። ወደ መስኮቱ ዞረና፣ ያ የአስተማሪ ድምፁ ቢሻክርም፣ «አዴ፣ ለዚህ ሰው ለብቻው» አለ።

ደሜ ፈላ። «እስካሁን ጆሮ ጠቢ ነኝ? ከዚህ ሁሉ በኋላ?»

«ጆሮ ጠቢ እንዳልሆንክ አውቄአለሁ» አለኝ። «አሁን የማልወድህ በራስህ ነው። ወሬ ታበዛለህ። ስትተኛ ታንኮራፋለህ። ሰንሰለት እየሳብክ ገደል ልትከተኝ ነበር።»

ባይሳ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን አዞረ። ቶለሳ ግን እየቀለደ አልነበረም። ያልተነካውን የእንጀራ ጎን በጣቱ አሳየኝ።

«ይህ የለሜሳ ነው። እስኪመጣ ድረስ አይነካም። አንተን እዚህ ካስቀመጥኩህ ቦታው ሞላ ማለት ነው። ለእናቱ ሞላ ብዬ ልንገራት? ላኪ!» በኦሮምኛ አይሆንም ማለቱ ነው። «ሳህንህን ይዘህ ብላ።»

ሳህኔን ይዤ በላሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንጀራው ሲመለስ አላናደደኝም። ፍቅር ግን አልመጣም፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ኩሩ ነው፣ ግትር ነው፣ ይቅርታ ማለት አያውቅም። ጆሮውን ያጣው እኔን ነፃ ባወጣበት ነገር ነው፤ ይህን ደግሞ እንድከፍለው አልፈቀደልኝም። ውለታህን አልቀበልም ከሚል ሰው ጋር እንዴት ይኖራል?

ተመርቄ ስወጣ ሻንጣዬን ስዘጋ ገባ። «ሄድክ?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። «ጥሩ» አለ። ከዚያ ወደ አልጋው ሄዶ ፍራሹን በሁለት እጁ አነሳና ገለበጠው፤ እኔ ያጎደጎድኩት ወደ ታች ሆነ። በእጁ እየደበደበ አስተካከለው፤ አንሶላ ዘረጋበት። እኔ በር ላይ ቆሜ ሳየው ዞሮ አላየኝም።

መንግሥት ከተቀየረ በኋላ አንድ ጊዜ አምቦ አውቶቡስ ተራ ተገናኘን። ሽበት ወርሶታል፤ አዲስ ባርኔጣ አድርጓል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላምታውን እስከ መጨረሻው ሰጠኝ፤ እናቴን፣ ልጆቼን፣ የድሬን ሙቀት ሁሉ ጠየቀኝ። «ለሜሳስ?» አልኩት። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። «እናቱ እኔ ጋ ናት» አለኝ። ምሳ ልጋብዝዎት ስለው ግን የሰደብኩት ያህል አፈገፈገ። «ከአንተ ጋር? ላኪ» አለና ወደ ሸነን የሚሄደው መኪና አመራ።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሸነን ሄድኩ። ከአምቦ ዳገቱን ስንወጣ ከመንገዱ ዳር አሮጌ ችካል የሚመስል ነገር ባየሁ ቁጥር ወጥር የሚለው ድምፁ ይመጣብኛል። ለቅሶው ቤት ስደርስ ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ከአግዳሚው ዳር ቁጭ አልኩ። ሚስቱ አዴ ብርቄ ጥቁር ለብሰው እንግዳውን ሁሉ እየዞሩ ያነጋግራሉ። እኔ ጋ ደረሱ።

«የየት ሰው ነህ፣ ልጄ?»

«አብረን ተምረናል።»

«ወዳጁ ነበርክ?»

አዎ ማለት እችል ነበር። ለቅሶ ቤት ማን ይመረምረኛል? «አልነበርኩም» አልኳቸው። «አንዋደድም ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩኝ። አዴ ብርቄ ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩት፤ ዓይኖቻቸው ከለቅሶ ብዛት አብጠዋል። ከዚያ ቀስ ብለው፣

«የኋላው?» አሉኝ።

በአዎንታ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ።

«ብሎኝ ነበር» አሉ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እያደረጉ። «ሲታመም ብሎኛል። ‹የሚወዱኝ ሁሉ ላይመጡ ይችላሉ፤ ያ የማይወደኝ ግን ይመጣል። ሲመጣ ከሌላው ሰው ጋር እንዳታቀላቅሉት› ብሎኛል። በቤታችንም የትሪውን አንድ ጎን ሳንነካ ነው የኖርነው። የለሜሳ እናት እስክትሞት ድረስ፣ ከሞተችም በኋላ።» ከዚያ ወደ ጓዳው ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ልጆች! ለዚህ ሰው ለብቻው!»

ከጓዳ አንዲት ወጣት የእድር ሳህን ይዛ መጣች። ንፍሮና ጥቂት እንጀራ አለበት። ከፊቴ አስቀመጠችው። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ለእናቴ እንኳ እንደዚያ ማልቀሴን አላስታውስም።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ግራ ተጋብተው ትሪያቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። «ኮቱ፣ ና ከእኛ ጋር ብላ። ለቅሶ ቤት ሰው ለብቻው አይበላም» አሉኝ።

«ይተዉኝ፣ አባቴ» አልኳቸው። «ቦታዬ ይኼ ነው።»

ሳህኑን ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ መጨረሻው ፍሬ በላሁት።